አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝን ማደስ፦ ከጉልበት በፊት ምን ይቅደም?



ዛሬ የምናገረው ተራ ስለሚመስል መሣሪያ፣ ስለ ጠረጴዛ መጋዝ ነው። በቆቦና በራያ ቆላ የሚገኙ የእንጨት ሥራ ቤቶች በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር የሚያወጡት በእርሱ ነው። አዲስ መግዛት ከአቅም በላይ ሲሆን አሮጌውን ማደስ ግድ ይላል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እድሳቱ ከየት ይጀምር?

የሙያውን ቃላት እናስተውል። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ሞርሳ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። የሙያ ዕውቀታችንም እንደ ቃላቱ ሁሉ በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ስለዚህ ማሽን ሲታደስ የሚቀድመው ዐይን የሚያየው ነው፤ ዝገቱ ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም ከፍ ያለ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይፈለጋል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ።

መነሻው መካኒካዊው ሥራ ነው። ቆላው ሞቃትና አቧራማ ስለሆነ ያረጀውን ኩሽኔታ ግራና ቀኙ በተሸፈነ ዓይነት መለወጥ ይገባል። ቀጥሎ የመጋዙ ዲስክ ከመምሪያው ጋር ትይዩ መሆኑ ይለካል፤ አንድ ጥርስ ምልክት ተደርጎበት ከፊት ይለካል፣ ያው ጥርስ ወደ ኋላ ዞሮ እንደገና ይለካል። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስማሙ የትኛውም ሞተር ቀጥ ያለ እንጨት አያወጣም።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ምክንያት ለወራት ያለ መብራት መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። በሰላሙ ጊዜም መብራት ይጠፋል፣ ይመለሳል። በተራ ማብሪያ የሚሠራ መጋዝ መብራት ሲመለስ ራሱን በራሱ ያስነሣል፤ በዚያች ቅጽበት የሠራተኛው እጅ ዲስኩ ላይ ሊሆን ይችላል። 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 2,850 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ግን መብራት ሲጠፋ ይላቀቃል፤ ሰው ካልተጫነው በቀር ዳግም አይነሣም።

ባለ 380 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርም ሌላ ፈተና አለበት። አንዱ ፌዝ ቢቋረጥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። መስመሩ ተጠግኖ ሲቀጠል ሁለት ፌዞች ቦታ ቢለዋወጡ ደግሞ ዲስኩ ወደ ኋላ ይዞራል። ሁለቱንም የሚከለክል ፌዝ ተቆጣጣሪ ሪሌ አለ፤ ከሞተር ጠመዝማዛ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው እንጨቱ ራሱ ነው። ባሕር ዛፍ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ ሲሰነጠቅ ቁራጮቹ ተመልሰው ዲስኩን ይነክሳሉ፤ ጥርሶቹም እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። መከላከያው ከዲስኩ ጀርባ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቆ የሚቆም የብረት መለያ ነው። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ ይበልጣል፣ ጥርሱ ከሚከፍተው መንገድ ያንሳል። ይህን ማንኛውም በያጅ ከተስማሚ ላሜራ ሊሠራው ይችላል።

አራተኛው ብናኙ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። መምጠጫ መግጠም ባይቻል እንኳ ከዲስኩ ሥር ብናኙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ ማበጀት ይቻላል።

እነዚህ አራቱ ሲሟሉ ነው ስለ ጉልበት መጨመር የምናስበው። ያኔም ፑሊ ለውጦ ፍጥነት ከማሳደግ በፊት በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ልክ መነበብ አለበት።

ውድ ተማሪዎች፤ ለመመረቂያ ሥራችሁ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። አንድ አናጺ ጣቱን ካጣ ቤተሰቡ እንጀራውን ያጣል። ከአካባቢው ገበያ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ መከለያና ማስነሻ ንድፉ፣ ዋጋውና የፍተሻ ውጤቱ ተጽፎ ለእንጨት ሥራ ቤቶች ቢደርስ ለምረቃ የሚበቃ ሥራ ነው፤ የሰው እጅም ያተርፋል።