ከእንዝራ እስከ ፈዝ፦ በእጅ ስለሚሠራ የጊታር ፔዳልና ስለ ብልሽቱ አፈላለግ



በገና ደርዳሪ አውታሮቹን ከቃኘ በኋላ ወዲያው ወደ ድርደራው አይገባም። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የገባችውን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ ማለትም እንዝራዋን፣ በጣቱ ጫፍ ገፋ መለስ እያደረገ ያዳምጣል። እንዝራዋ ከቦታዋ ጥቂት ከራቀች አውታሩ ደረቅና ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቦታዋን ስታገኝ ግን የሚርገበገበው አውታር እየነካት ስለሚመለስ፣ በገናን ከሌሎች ባለአውታር መሣሪያዎች የሚለየው ያ ነዛሪ ድምፅ ይወጣል። ይህም በአሥሩም አውታር ላይ በየተራ የሚፈጸም፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በእንዝራዋ ላይ የሚሆነው ነገር ሲመረመር፣ አውታሩ በነፃ እንዳይወዛወዝ ተከልክሎ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠውም ጫፍ ቀድሞ ያልነበሩ ቀጫጭን ተጓዳኝ ድምፆች ይወለዳሉ። በኤሌክትሪክ ጊታርና በማጉያው መካከል ተቀምጦ በእግር የሚረገጠው፣ ፈዝ የተባለው ፔዳልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሞገዱን የሚቆርጠው ቆዳ ሳይሆን ትራንዚስተር መሆኑ ነው። በገና የጸሎት መሣሪያ በመሆኑ ከዳንስ ቤት ጊታር ጋር መነጻጸሩ ለአንዳንድ አድማጭ ሊከብድ ይችላል። ንጽጽሩ ግን የፊዚክስ እንጂ የአገልግሎት አይደለም።

በምዕራቡ ዓለም የዚህ ድምፅ መነሻ ብልሽት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ አንድ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ላይ፣ ናሽቪል በሚገኝ የቀረጻ ክፍል ውስጥ ከነበረው ማቀላቀያ አንዱ መስመር በመበላሸቱ የግሬዲ ማርቲን ባስ ጊታር ድምፅ ሻክሮ ተቀረጸ፤ ድምፁም ተወደደ። በቀጣዩ ዓመት የጊብሰን ኩባንያ ማይስትሮ ፈዝ ቶን የተባለውን ፔዳል ለገበያ አቀረበ። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» በተባለው ዘፈናቸው ሲያሰሙት ዓለም አወቀው፤ በ1966 ደግሞ ለንደን ውስጥ የአርቢተር ድርጅት ክብ ቅርጽ ያለውን ፈዝ ፌስ አወጣ። በአገራችን ይኸው የሻከረ የጊታር ድምፅ በሙላቱ አስታጥቄ የ1974 የኢትዮ ጃዝ ሸክላ ላይ ይሰማል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከታወቁት የሙዚቃ ጓዶች መካከል ዋሊያስና አይቤክስ ይገኙ ነበር፤ የሁለቱም ስም የሰሜንን ተራራ እንስሳ፣ ዋልያን፣ ያስታውሳል። እንስሳው እስከ ዛሬ የሚታየው በጨነቅና በአካባቢው ባሉት ገደሎች ላይ ነው። የፔዳሉም ነገር ወደዚሁ ስፍራ ይመለሳል፤ ምክንያቱ ግን ስም ሳይሆን ብርድ ነው።

ፈዝ ፌስ በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚመረጠው ቀላል በመሆኑ ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ማዞሪያ ይበቁታል። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ጀርማንየም ከተባለው ማዕድን በተበጁ ትራንዚስተሮች ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ኤሲ128 የተባለው ነው። ይህ ዓይነት በአሮጌ የትራንዚስተር ሬዲዮኖች የድምፅ ማውጫ ክፍል ውስጥ በብዛት ያገለገለ ስለሆነ፣ ከተጣለ ሬዲዮ ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። ካውያ፣ ፒንሳና ቴስተር ያለው የሬዲዮ ጠጋኝ ከሞላ ጎደል የሚጎድለው የለም።

ይሁንና ጀርማንየም አመለኛ ነው። ትራንዚስተሩ ሳይታዘዝ በውስጡ ሾልኮ የሚያልፍ ኮረንቲ አለ፤ ይህም ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ነገሩን በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው፣ ቤዙን ሳያገናኝ ሾላኪውን ኮረንቲ በቴስተር እየለካ ትራንዚስተሩን በሁለት ጣቱ ይያዘው፤ በጣቱ ሙቀት ብቻ መርፌው ሲወጣ ያያል። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከባትሪው 9 ቮልት እኩሌታውን፣ ማለት 4.5 ቮልት ገደማ፣ ሲይዝ ድምፁ ወፍራምና ረጅም ይሆናል። ሾላኪው ኮረንቲ ሲለዋወጥ ይህ ቮልት ከቦታው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ኖታው ይቆራረጣል፣ ወይም እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ ይጠፋል።

እንግዲህ ፔዳሉ ጎንደር ከተማ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀትር ላይ ተቃኝቶ አለቀ እንበል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ፣ ለሰርግ ይወጣል። የደባርቅ ከፍታ ወደ 2,850 ሜትር ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በዚህ ብቻ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይቀንሳል። ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ሾላኪውን ኮረንቲ በግማሽ ለመቀነስ የሚበቃ ነው። የቀትርና የሌሊት ልዩነት ሲታከልበት የሚሆነውን አድማጭ ራሱ ያሰላዋል። ሙሽራው በሚገባበት ሰዓት ጊታሩ ዝም ሲል ጥፋቱ በተጫዋቹ ላይ ይለጠፋል፤ ከመሣሪያው ግን የተሰበረም የተቃጠለም የለም።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ጀርማንየሙን ትቶ ብርድና ሙቀትን የተሻለ በሚችለው ሲሊኮን መሥራት ነው። ይህ የሚያዋጣ መንገድ ቢሆንም፣ ድምፁ ይበልጥ ስል እንደሚሆንና ለሬዲዮ ሞገድም እንደሚጋለጥ መታወቅ አለበት። ጋሻ የሌለው ፈዝ በዝማሬው መካከል የዜና አንባቢ ድምፅ ማሰማቱ ቀልድ አይደለም፤ የትራንዚስተሩ መገናኛ እንደ ሬዲዮ መቀበያ ስለሚሠራ ነው። ከብረት የተሠራ ሣጥንና በመግቢያው ላይ የሚጨመር አነስተኛ ካፓሲተር ይህን ይከላከላሉ። ሁለተኛው መድኃኒት ከኮሌክተሩ ጋር የተያያዘውን 8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥቶ በቦታው በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ መትከል ነው። ይህ ማስተካከያ የፔዳሉ እንዝራ ነው ማለት ይቻላል።

ፔዳሉ ከነጭራሹ ድምፅ አልሰጥ ሲል ደግሞ፣ ብዙ ጀማሪዎች እንደሚያደርጉት ትራንዚስተሩን እየቀያየሩ መድከም ከንቱ ነው። ፔዳሉ በማይሠራበት ቦታ ላይ ሳለ የጊታሩ ድምፅ ካላለፈ ጥፋቱ ከጃኩ ወይም ከእግር መርገጫው አይወጣም። ካለፈና ሲረገጥ ብቻ ከጠፋ ቮልት ይለካል። ቮልቱ ደህና ከሆነ፣ ጫፉ ላይ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር የተበየደበት ሽቦ ከማጉያው መግቢያ ጋር ይያያዝና ከጊታሩ በኩል ተጀምሮ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ይነካል። ድምፁ እዚህ ተሰምቶ እዚያ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ነገር ተራ ነው፦ ያልያዘ ብየዳ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተገለበጠ ካፓሲተር፣ እግሮቹ የተምታቱ ትራንዚስተር። ባትሪው በአንድ ሌሊት ካለቀ ደግሞ የጊታሩ ገመድ በጃኩ ውስጥ ተሰክቶ አድሮ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ባትሪውን የሚያገናኘው ያ ገመድ ነውና።

በክራርና በማሲንቆ ላይ ሌላ ችግር ይነሣል። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ስለሆነ የጊታር ማግኔት አይሰማውም፤ የናይለን ክራርም እንዲሁ። ለእነዚህ ከድምፅ ሰጪ ሰዓት ወይም ከመጫወቻ የሚወጣው ፒየዞ የተባለው ስስ ክብ ሳህን በቆዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ ሳህን 20 ናኖ ፋራድ ያህል ቢሆንና የፔዳሉ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ቢሆን፣ ከ800 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የክራሩ ሆድ ጠፍቶ ጥፍሩ ብቻ ይቀራል። በመካከላቸው መግቢያው 1 ሜጋ ኦም የሆነ አንድ ተጨማሪ ትራንዚስተር ቢገባ ወሰኑ ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል። ይህን ሳያደርጉ «ፔዳል ለአገር ባህል መሣሪያ አይሆንም» ብሎ መፍረድ ችኩልነት ነው።

ሣጥኑ ሲበሳ፣ ከማስተካከያው ትይዩ የካቻቢቴ ጫፍ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ትጨመር፤ አቧራ እንዳይገባም በላስቲክ ትወተፍ። ጨነቅ ሲደረስ ፔዳሉ ከጉዞ ሻንጣው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ብርዱን ይልመድ፤ ከዚያ ላስቲኩ ይነሣና፣ አንድ ኖታ እየተመታ፣ ድምፁ ሳይቆረጥ ረዝሞ እስኪሞት ድረስ ቀስ ተብሎ ይዙር።