እጃችሁን ጆንያው ውስጥ ክተቱ

ፕሮቶኮል አልችልበትም፤ ጉዳዬ ከኮሌጁ ተመራቂዎች ጋር ነው።

ልጆች፣ ከነገ ጀምሮ የምግብ ተቆጣጣሪ ሆናችሁ ምግብ ቤት ስትገቡ የባለቤቱ ፊት ይጠቁራል። ልመዱት። እኔን የሚያሳስበኝ የእሱ ፊት ሳይሆን እናንተ የምትይዙት ቅጽ ነው።

ተቆጣጣሪ ሳለሁ መርካቶ በርበሬ ተራ አንድ መጋዘን ገባሁ። ፈቃዱ ታድሷል፣ የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ወለሉ ተጠርጓል። ቅጹ ላይ ሁሉም ቦታ ራይት ይገባ ነበር። እጄን አንዱ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኔ ከተትኩት። መሃሉ ይሞቃል! የደረቀ በርበሬ ምን ያሞቀዋል? ባለቤቱን ጠየቅኳቸው። «ውሃ ረጭተንበት ነዋ፤ ካልረጨንበት መንገድ ላይ ይሰባበራል» አሉኝ ሳይደብቁ። ክብደት እንደሚጨምርላቸውም አልካዱም። እንዲያውም ሻይ አዘዙልኝ። አልጠጣሁም፤ እናንተም እንዳትጠጡ። ሰውየው ግን ክፉ አልነበሩም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ የሚቀላቅለው ሌባ መሆኑን ራሱም ያውቃል፤ ተደብቆ ነው የሚሠራው። እኚህ ሰው የሚሠሩት ከአባታቸው ያዩትን ነው። እኔ የበለጠ የምፈራው ይሄኛውን ነው።

እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ሻጋታ ይነሳል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመርታል፤ አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሻጋታው ተራግፎ ቢሄድ እንኳ መርዙ ይቀራል። እናቶቻችን ቁሌቱን የፈለገውን ያህል ቢያቁላሉት የወጥ ሙቀት አያጠፋውም።

ስለዚህ ሱቅ በር ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ ብዙ ጊዜ ያረፈደ ነው። በርበሬው ወደሚበቅልበት ማረቆ ውረዱ፣ ሀላባ ውረዱ። በርበሬው የተሰጣው ባዶ መሬት ላይ ነው ወይስ ቆጥ ላይ? ጤዛ ሳይወርድ ማን ይሸፍነዋል? የወተት ናሙና ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊትም የላሟን መኖ እዩ፤ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን በወተቷ ታሳልፋለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን እንደሸመደዳችሁት አልጠራጠርም። ገበሬ ፊት ግን አንቀጽ አትቁጠሩ፤ ሸራ ከየት እንደሚያገኝ ንገሩት። ከኋላ ስልክ የምትነካካው ልጅ፣ ላንተም ጭምር ነው የምናገረው።

ክቡር ዲን፣ አንድ ነገር ልበልና ልውረድ። የደረቀ በርበሬ እርጥበት ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ ታስተምራላችሁ፤ ደግ ነው። ጠዋት ቤተ ሙከራውን ስታስጎበኙኝ ያየሁት የእርጥበት መለኪያ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪ የለውም። እነዚህ ልጆች በየተራ ሊያዩት እንጂ ሊሠሩበት አይችሉም። ሁለት እኔ አመጣለሁ፤ የቀረውን እርስዎ እዚሁ ወላጆች ፊት ቃል ይግቡልኝ።