ሥራ ሲያጣ የሚተኛው ፕሮሰሰር



 

ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። ኦሞ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስትም 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኔ ግን ከሶዶ ብዙም በማትርቀው አረካ ኮምፒውተር ሳስተምር፣ መብራት ሲጠፋ የምቆጥረው ሜጋ ዋት ሳይሆን ዋት ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ 25 ዋት የሚበላ ላፕቶፕን ሁለት ሰዓት ያቆያል፤ 10 ዋት ብቻ የሚበላውን ደግሞ አምስት ሰዓት። ለአንድ ተማሪ ይህ የጀመረውን የተግባር ፈተና መጨረስና አለመጨረስ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ስክሪኑ ድርሻ አለው፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። ፕሮሰሰሩን ግን ብዙ ሰው አይረዳውም። ተማሪዎቼ ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 ከመቶ ሲል ያዩና «ቲቸር፣ ባትሪውን የሚበላው ይሄ ነው፤ እንዝጋው?» ይሉኛል። ነገሩ እኮ ተቃራኒው ነው! ያ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ያሳለፈውን ጊዜ ነው የሚያሳየው። ሥራ ሲያጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ቁም» ይለዋል። በቀላል እንቅልፍ የውስጥ ሰዓቱ ምት ብቻ ይቆማል፤ በጥልቁ ግን ካሹ ባዶ ተደርጎ ቮልቴጁም ይቋረጣል። እንቅልፉ በጠለቀ ቁጥር ፍጆታው ይቀንሳል፣ መንቃቱ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሲስተሙ ቀጣዩ ሥራ መቼ እንደሚመጣ ሁልጊዜ ይገምታል።

የድሮው ሊኑክስ ሥራ ባይኖርም እንኳ ፕሮሰሰሩን በሴኮንድ ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ ይቀሰቅሰው ነበር። ይህ መቅረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ቨርዥን 2.6.21 ነው። ዛሬ እንቅልፍ የሚነሱት እኛው ከፍተን የምንረሳቸው የብራውዘር ገጾች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ፍጥነትን መቀነስ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ዋት ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱንም በ20 ከመቶ ብንቀንስ ዋቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል (0.8 ሦስቴ ሲባዛ 0.512)። ሥራው በ25 ከመቶ ቢረዝምም ፕሮሰሰሩ ከባትሪው የሚወስደው በጠቅላላ 36 ከመቶ ይቀንሳል። ጥሩ ነው፤ ግን በተጨመረው ጊዜ ስክሪኑም ሚሞሪውም እንደበሩ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንዴ ቶሎ ጨርሶ መተኛት የሚያዋጣው። ቱርቦ ግን በባትሪ ጊዜ አይመቸኝም፤ ለትንሽ ፍጥነት ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። ዊንዶውስ ላይ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ከ100 ወደ 99 ከመቶ ብታወርዱት በብዙ ላፕቶፖች ቱርቦው ይጠፋል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ ከወረፋው ማን ቀድሞ ይግባ የሚለው በሰፊው ይሰጣል። ወረፋው ባዶ ሲሆን የሚሆነውንም አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ተማሪዎቹ አንዱን ላፕቶፕ በሦስት ዓይነት ሴቲንግ እያሠሩ ዋቱን ራሳቸው ይለኩት። ሶኬት ላይ የሚሰካውን መለኪያ እኔ ከአረካ ይዤ እመጣለሁ።