የቦስተን ዳገትና የልጆቻችን ጉልበት

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬያችን የቆመው ኀዘንን በጋራ ለመሸከም ነው። ታዲያ ሩጫ ከቅሬ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚሮጡት ልጆች የእኛው ልጆች ናቸው። የሚበሉት ከእኛ መሶብ ነው፤ «መቼ ነው የምታሸንፈው?» እያልን የምናጣድፋቸውም እኛው ነን። ስለሆነም ለረጅም ሩጫ እንዴት መዘጋጀት እንደሚገባ ማወቅ የወላጅም ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የቦስተንን ማራቶን ልውሰድ። ይህ በአሜሪካ አገር ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ አንጋፋ ውድድር ሲሆን የሚደረገውም በሚያዝያ ወር ነው። ወሩ ለእነሱ ጸደይ፣ ለእኛ በልግ ነው። ርቀቱ እንደማንኛውም ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። መነሻው ሆፕኪንተን የምትባል ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ቦስተን ይወረዳል። 26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደረስ አራት ዳገቶች ይከተላሉ። የመጨረሻውን «ልብ ሰባሪ» ይሉታል። ይህ ዳገት ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታውም 30 ሜትር አይደርስም። ከአምባሰል ተራሮች ጋር ሲተያይ እኮ ጉብታ ነው! ታዲያ ለምን ልብ ይሰብራል? የሚገኘው ከ32 ኪሎ ሜትር በኋላ በመሆኑና ሯጩ እዚያ የሚደርሰው ቁልቁለቱ ጭኑን ካደቀቀው በኋላ በመሆኑ ነው።

ይህን ጀግናው አበበ ቢቂላም ቀምሶታል። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ ቦስተን ላይ ተሰለፈ። ሁለቱ ገና ከመነሻው ሌሎቹን ጥለው ገሠገሡ፤ አካሄዳቸውም የቦታውን ክብረ ወሰን የሚሰብር ነበር። ዳገቶቹና ከፊት የሚነፍሰው ብርድ ሲደርስ ግን ሁለቱም ወደ ኋላ ቀሩ። አንደኛ የወጣው የቤልጂጉ ሯጭ ቫንደንድሪስ ሲሆን አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። አበበ እስከ መጨረሻው ሮጦ ሳያሸንፍ የቀረበት ዓለም አቀፍ ማራቶን ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱን እንመልከት። ሰው ቁልቁለት ሲሮጥ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነቱን ክብደት ይገታል። በዚህ ጊዜ ጡንቻው በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል፤ ሯጩ ግን እስትንፋሱ ስለማይቸገር አይታወቀውም። ከዚህም ሌላ በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው የስኳር ስንቅ በጅምሩ ፍጥነት ቶሎ ያልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው መሆኑ ነው።

ዝግጅቱም ከዚህ ይነሣል። አርዲቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ስለሆነ ስስ አየሩ ደምን ያጠነክራል። ዳገትም አልተነፈግንም። ልጆቻችን የሚያንሳቸው ቁልቁለቱን መለማመድ ነው። ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ውኃ የሚወርድበት አገር ቁልቁለት ለመሆኑ ምስክር አያሻም! እንግዲህ ውድድሩ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአጭር እርምጃና በለስላሳ አካሄድ ቁልቁለት መሮጥ ይጀመራል። መጀመሪያ ጭን ያማል፤ ሲደጋገም ጡንቻው ይለምደዋል። በበልግ ዝናብ ጭቃ ሲሆን ግን ይቅር፤ እግር ያዳልጣልና። ውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከባዱ ቁልቁለት ይቆማል፤ ጠቅላላው ሩጫም እየተቀነሰ ሰውነት ያርፋል።

ሁለተኛው ስንቅ ነው። እንጀራ፣ በሶና ቆሎ ለሯጭ መልካም ምግብ ናቸው። በሩጫው መካከል የሚጠጣውን ስኳር ያለበት መጠጥ ሆድ እንዲቀበለው አስቀድሞ በልምምድ ማስለመድ ያስፈልጋል። የሁዳዴ ጾም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ዝግጅት ጋር ይገጥማል፤ ረመዳንም በአንዳንድ ዓመት እንዲሁ። የሚጾም ልጅ ያለው ቤተሰብ የማታውን ምግብና ውኃ አብዝቶ ያሰናዳ፤ ከባዱም ሩጫ ከመብሉ ሰዓት ጋር ይቀራረብ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ገና አጥንቱ ያልጠናውን ልጅ ለማራቶን ማሰለፍ አይገባም። አጭሩን ርቀት ይሩጥ፤ ትምህርቱንም ይማር። ማራቶን የሚጠብቅ ሩጫ ነው።

የቦስተን ዳገት ለኢትዮጵያውያን የማይደፈር ሆኖ አልቀረም። አበበ መኮንን በ1981 ዓ.ም. አሸነፈ። ፋጡማ ሮባ በ1989፣ በ1990ና በ1991 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ወጣች። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2005 ዓ.ም. ባሸነፈበት ዕለት በመድረሻው አጠገብ ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ሌሊሳ በዚያው ዓመት ወደ ቦስተን ተመልሶ ሜዳልያውን ለከተማው ሕዝብ ሰጠ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና አሸነፈ። ይህ ሥራው የቅሬ ሰው ሥራ አይደለምን? ኀዘንተኛን ባዶ እጁን አልደረሰም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ልጆቻችንን «ቅደም፣ ቅደም» እያልን አናጣድፍ። ጉልበቱን ያመመው ልጅ ሲነግረን ሰነፍ አንበለው፤ ይረፍ፣ ካልተሻለውም ሐኪም ይየው። ሮጦ ሳይቀድም የተመለሰውንም በእልልታ ባይሆን በሙሉ ፊት እንቀበለው። አበበ ከቦስተን 5ኛ ሆኖ ተመልሶ ነበር፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ዳግመኛ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ያን ጊዜ ከቦስተን ሲመለስ «አበቃለት» ያለው ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ባፈረ!

 ቅሬያችንን ያቆይልን።