አሮጌ ፒክአፕን በቤት ማደስ፤ በሽንፋ ቆላ የዝገትና የቀለም ነገር



የሽንፋ ወንዝ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ፣ የመተማን ቆላ አቋርጦ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባልና ከጥቁር ዓባይ ይቀላቀላል። በወንዙ ስም የምትጠራው የሽንፋ ከተማና አካባቢዋ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት ሞቃት አገር ነው። በዚህ አገር ፒክአፕ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በዘር ወቅት ናፍጣና የውሃ በርሜል፣ በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛና ስንቅ፣ ከውቂያ በኋላም ሰሊጥ በጆንያ ያመላልሳል፤ ሰው ሲታመምም ወደ ሐኪም የሚያደርሰው እርሱ ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ስላረጀ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆኗል። በዚህም ላይ ትልልቆቹ ጋራዦች ሩቅ ናቸውና፣ የ30 ወይም የ40 ዓመት ሃይሉክስ ያለው ሰው መኪናውን በገዛ ግቢው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ለማደስ ይገደዳል። መሐንዲሱ ይህን ሥራ ንቆ ለባለ እጁ ትቶታል፤ መናቁ ግን ተገቢ አልነበረም። በዚያ ጥላ ሥር የሚወሰነው ከመኪናው መልክ ይልቅ ከጭነቱ ላይ የሚሳፈሩት ሰዎች ሕይወት ነውና።

ነገሩ ከጭቃ ይጀምራል። የመተማ ቆላ አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ ዋልካው ከፓራፋንጎው ሥር ይለጠፋል፤ ከሻንሲው ሆድ ውስጥም ይገባል፤ ውጪው ደርቆ አቧራ ከሆነ በኋላ እንኳ ውስጡ ለብዙ ቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ይሁን እንጂ አብዝቶ የሚበላው አየር እንደ ልብ የሚያገኘው ገላጣ ቦታ ሳይሆን አየር ያነሰው፣ ከጭቃው ሥር የተደበቀው ቦታ ነው። የካምብሪጁ ኡሊክ ኤቫንስ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በጨው ውሃ ጠብታ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ዝገቱም ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል። በመሆኑም በአዲስ ቀለም ላይ የሚታየው ትንሽ እብጠት ከውስጥ የመጣ መልእክት ነው፤ ያንን ፍቆ መልሶ መቀባት መልእክቱን መቅደድ እንጂ ማንበብ አይደለም።

ስለዚህ ባለንብረቱ አስቀድሞ መኝታ ማድረግ ያለበት ከመኪናው ሥር ነው። የሻንሲው ብረት በብዙ ፒክአፖች እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው፤ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላል። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ሳለ በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ፣ ወይም በጠመንጃ መፍቻ ሲወጉት ከገባ፣ ብረቱ አልቋል። በተለይ የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው የሚያያዝበት ቦታ በጥንቃቄ ይፈተሽ። ይህ የድሆች አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ ቶዮታ በአሜሪካ 1.5 ሚሊዮን በሚያህሉ መኪናዎቹ ሻንሲ ዝገት ተከሶ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣው በሚችል ስምምነት ጉዳዩን ለመጨረስ የተስማማው በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነበር።

በተበላ ሻንሲ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው። በያጁ ሙቀቱን የሚያሳርፍበት ጤነኛ ብረት ከሌለ ግን ብየዳው የሚይዘው ዝገትን ነው። የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ይውጣ፤ የሚተካውም በውፍረት የማያንስ ይሁን። ይህን ማድረግ ካልተቻለ መኪናው ሰው መጫን ያቁም እንጂ ቀለም አይቀባ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ባቲላሜራ፤ የጋራዣችን ቋንቋ እስከ ዛሬ የጣሊያንኛ ነው። ባለ እጁ ሙያውን ከጌታው በዓይኑ እያየ፣ ቃሉንም በጆሮው እየሰማ ተማረው። ምክንያቱን የሚነግረው ግን አልነበረም፤ ስቱኮን እንዴት እንደሚለስን ያውቃል፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ለምን እንደሚሰነጠቅ የነገረው የለም። ብረቱና ስቱኮው በሙቀት እኩል አይለጠጡም። በሽንፋ ፀሐይ የዋለ ኮፈን እጅ የማያስነካ ሆኖ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ይህ መሳሳብ በየቀኑ ይደገማል።

ቀለሙም የአገሩን አየር ይፈራል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ የሚረጭ ቀለም ቲነሩ በአየር ላይ ስለሚተን ብረቱ ላይ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ገጹም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሸካክራል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ያነጣዋል። የተሻለው ጊዜ ሰሊጡ ከገባ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው፤ ከሰዓቱም ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐዩ ሳይበረታ። ግቢው በውሃ ይረስርስ፤ ከኮምፕሬሰሩም ውሃው ይፍሰስ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ አንቲረስቱ በዚያው ቀን ይቀባ፤ አንድ ሌሊት ያደረ ራቁት ብረት ዝገት ጀምሯል። ሻንሲው ግን መርጫ አያስፈልገውም፤ በብሩሽ የተቀባ ወፍራም አንቲረስት ከተረጨው የተሻለ ወደ ስንጥቁ ይገባል።

ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ያብረቀርቃል፣ ይበረክታልም። ይሁን እንጂ በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን አስቆጥቶ የዕድሜ ልክ አስም ያስይዛል፤ የእንግሊዝ አገር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪና ቀለም ረጪዎች ለአስም ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሠራተኛ 80 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ይገልጻል። በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ አይከለክለውም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭምብል ይፈልጋል። በየቤቱ ይህ ስለማይገኝ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ተራው ሲንቴቲክ ቀለም ይበቃል፤ ብርሃኑ ቢያንስም። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሳይሆን በውሃ እየታጠበ ይፋቅ። ቅባትን በቤንዚን ማጠብም በሣር ቤቶች መካከል እሳት መጥራት ነው። የነዳጅ ታንኩ ሳይወርድ አጠገቡ አይበየድ፤ ባዶ ነው ተብሎም አይታለፍ፣ በእንፋሎት የተሞላ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳልና።

ቀለሙን ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ቀለም በሊብሬው ላይ የተመዘገበ መሆኑን ያስታውስ፤ አስቀድሞ ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያመልክት። ሲፋቅም የሻንሲ ቁጥሩ እንዳይጠፋ ይሸፈን። በዚህ ቆላ ነጭ ቀለም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ፀሐይን ይመልሳል፤ አዲስ የሚወጣ ዝገትንም ወዲያው ያሳያል።

የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲጥል መኪናው ቆሞ የበሩ ሥር፣ የወለሉ ምንጣፍና የሻንሲው ቀዳዳዎች ይታዩ፤ ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ ሽቦ ገብቶ ይከፈት። መስከረም ሲጠባ ያው ሽቦ እንደገና ይገባል፤ የደረቀው ዋልካም በውሃ ታጥቦ ይወጣል፣ ሰሊጡ ሳይታጨድ።