ቱቦው ሲወጣ አታልቅሱ
(በሸዋ ሮቢት ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ከይፋት ቆላ የጣርማበርን ዳገት አልፎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲላክ፣ በእምብርቱ በኩል ወደ ትልቁ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ሊገባለት ይችላል። ሆዱ ወተት መቀበል እስኪችል ምግብና መድኃኒት በዚያ ያገኛል። ቱቦው ነፍስ አድን ነው።

ነገር ግን የሕፃን ደም ሥር እጅግ ጠባብ ነው። ቱቦው የደሙን መንገድ ያጠብባል፤ የሥሩንም ግድግዳ ይነካል። ስለዚህ በዙሪያው ደም ሊረጋ ይችላል። አንዳንዴ ምንም ምልክት አይታይም። እግሩ ወይም እጁ ካበጠ፣ መልኩም ከተለወጠ ግን ነርሷን ወዲያው ጥሩ።

ቱቦው በቆየ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ መመሪያ በእምብርት ደም መላሽ ሥር የገባ ቱቦ ቢበዛ እስከ 14 ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ ሥራው ካለቀ ግን ቶሎ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር።

አንዳንድ ቤተሰብ ቱቦው ሲነቀል፣ «ተስፋ ቆረጡበት» ብሎ ያለቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እናት ያለበችው ወተት ለሕፃኑ ሆድ ተስማምቶታል ማለት ነው።

እንግዲህ በየማለዳው፣ «ቱቦው ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እናትየዋም ወተቷን ለማለብ ከልጇ አጠገብ እንድትቆይ በስንቅና በማደሪያ እንርዳት።