ቀብር ሳንጠብቅ እንጠያየቅ



እኛ ሽማግሎች ቅዳሴ ላይ ከኋላ ስለምንቆም ብዙ ነገር እናያለን። ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንድ ጎረምሳ መቋሚያውን ለማያውቃቸው አዛውንት ሰጥቶ ባዶ እጁን ቆመ። አንዲት ሴት ልጅ ላዘለች እናት ጃንጥላዋን አካፈለቻት። አንድ ልጅ ደግሞ ደጃፉ ላይ የወለቀውን ጫማ ሁሉ ዝናብ እንዳይመታው ወደ ጥግ ሰበሰበ፤ ማንም አላዘዘውም።

ከሁሉ የገረመን ግን ይኸ ነው። ቅዳሴ አልቆ ጸበል ሲታደል፣ አንዲት ሴት ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ «ከግንቡ ሥር የሚቆሙት እማማ ዛሬ የሉም እኮ!» አለች። ቤታቸውን ጠያይቃ፣ ጸበሉን በጠርሙስ ይዛ ሄደች። ብቻቸውን ትኩሳት ጥሏቸው አገኘቻቸው። ጎረቤት ጠርታ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ዛሬ ድነው ከመካከላችን አሉ፤ አባላችን ናቸው።

ታዲያ ወገኖቻችን፣ ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ስሙ ተጠርቶ በቀረ አባል ላይ መቀጫ ከመጻፋችን በፊት፣ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብለን በሩን ብናንኳኳ ከሣጥናችን ሳንቲም አይወጣም። ለቀብሩ የምንደርስለትን ሰው በሕይወቱም እንድረስለት።